ከርቀት ለሚመራ የወረቀት አውሮፕላን ከመጫወቻ ጡቦች የተሠራ ባለሞተር ማስወንጨፊያ፦ የሞተር ድካም ነው ወይስ የአሠራር ስሕተት?

ወረቀት አጣፊ (ጠያቂ)፦

ሰላም ለሁላችሁም። ላለፉት ሁለት ወራት በትርፍ ጊዜዬ ከሌጎ ቴክኒክ (ማርሽና ሞተር ከሚገጠምባቸው የመጫወቻ ጡቦች) ቁርጥራጮች የወረቀት አውሮፕላን ማስወንጨፊያ ስገጣጥም ቆይቻለሁ። አሠራሩ የተለመደው ነው፤ ሁለት ጎማዎች ጎን ለጎን ተኝተው በተቃራኒ አቅጣጫ ይሽከረከራሉ፤ የአውሮፕላኑ የሆድ እጥፋት በመካከላቸው ሲገባ ግራና ቀኝ ጨብጠው ወደ ፊት ይተኩሱታል። ምንም ነገር ባልተጫነበት፣ ከአንድ ኤ4 ወረቀት በታጠፈ ተራ አውሮፕላን መሣሪያው ከጠበቅሁት በላይ ሠርቶልኛል። ክፍሉን ከዳር እስከ ዳር አቋርጦ መጋረጃው ላይ ሲያርፍ ማየት በጣም ያስደስታል።

ችግሬ የጀመረው ከርቀት የሚመራውን አውሮፕላን በዚሁ መሣሪያ ለማስነሣት ስሞክር ነው። አውሮፕላኑ አፍንጫው ላይ በብሉቱዝ ከስልክ የሚታዘዝ ትንሽ ሞጁል ይሰካበታል፤ ከሞጁሉ የሚነሣ ቀጭን የካርቦን ዘንግ በሆድ እጥፋቱ ውስጥ አልፎ እስከ ጭራው ይዘረጋል፤ በዘንጉ ጫፍ ላይ ፕሮፔለርና አቅጣጫ መቀየሪያ አለ። ወረቀቱ 5 ግራም ሲሆን ሞጁሉ ከነዘንጉ በኩሽና ሚዛን 10 ግራም ሆኖ አግኝቼዋለሁ፤ ጠቅላላው 15 ግራም ነው ማለት ነው።

የምጠቀምበት ፓወር ፋንክሽንስ ከተባሉት የሌጎ ሞተሮች ኤም (መካከለኛው) ሞተርና ስድስት የባትሪ ድንጋይ የሚይዘው ሳጥን ነው። ጎማዎቼ ክባቸው ከዳር እስከ ዳር (ዲያሜትራቸው) የ56 ሚሊሜትር ስፋት አለው። ሁለት ባለ 24 ጥርስ ማርሾችን መካከል ላይ እርስ በርስ አጣምሬ፣ ከእነርሱ ግራና ቀኝ ባለ 8 ጥርስ ማርሾችን ከጎማዎቹ ዘንግ ጋር አያይዣለሁ፤ ሞተሩ አንዱን ባለ 24 ጥርስ ያዞራል። ስለዚህ ጎማዎቹ ሞተሩ አንድ ጊዜ ሲዞር ሦስት ጊዜ ይዞራሉ።

በዚህ አደረጃጀት አውሮፕላኑ ሁለት ሜትር ያህል ከሄደ በኋላ በአፍንጫው ይተከላል። አፍንጫው እንዳይወድቅ ብዬ የክንፎቹን የኋላ ጠርዝ ወደ 4 ሚሊሜትር ያህል ወደ ላይ አጠፍሁት፤ ትንሽ ተሻሻለ እንጂ አልዳነም። ቀጥዬ ባለ 40 ጥርስ ማርሽ ጨምሬ የጎማዎቹን ዙር ከሞተሩ 15 እጥፍ ለማድረስ ሞከርሁ፤ ሞተሩ ድምፅ ብቻ አሰማ እንጂ ጎማዎቹን ከቆሙበት ማንቀሳቀስ አልቻለም። በመጨረሻ ባለ 20 እና ባለ 12 ጥርስ ማርሾችን አስገብቼ አምስት እጥፍ ላይ ወሰንሁት። በዚህኛው አውሮፕላኑ በርግጥ በፍጥነት ወጣ፤ ነገር ግን አፍንጫውን ሽቅብ ወደ ጣሪያው አቅንቶ ከቆመ በኋላ በጭራው ወረደ። በዚያው ሙከራ ጎማዎቹ የፕሮፔለሩን አንድ ምላስ ሰበሩት።

ጥያቄዬ ይህ ነው፤ ችግሩ ሞተሩ ደካማ በመሆኑ ነውና ትልቁን ኤክስ ኤል ሞተር ልግዛ? ወይስ በጎማ ማስወንጨፍ ራሱ ለእንዲህ ዓይነቱ አውሮፕላን የማይስማማ ዘዴ ነው?


ማርሽ ቆጣሪ፦

ልኬቶቹን በዝርዝር ስላስቀመጡ አመሰግናለሁ፤ እነርሱ ባይኖሩ ሁላችንም በግምት እንመልስ ነበር። ትልቅ ሞተር አይግዙ። ገንዘብዎን ለሁለተኛ ፕሮፔለር ያስቀምጡት።

የኤም ሞተር በ9 ቮልት ምንም ሳይጫንበት በደቂቃ ወደ 405 ዙር ይዞራል፤ እንዳይዞር ሲታገድ ደግሞ የመጠምዘዝ ኃይሉ ወደ 11 ኒውተን ሴንቲሜትር ይደርሳል። እንዲህ ያለ ሞተር በሴኮንድ ከፍተኛውን ሥራ የሚሰጠው ከሁለቱም በግማሹ ላይ ሲሠራ ሲሆን፣ ሲሰላ 1.2 ዋት ያህል ይሆናል። 15 ግራም የሚመዝን አውሮፕላን በሴኮንድ 5 ሜትር እንዲሄድ የሚያስፈልገው 0.19 ጁል ነው፤ ይህ በ20 ሴንቲሜትር ውስጥ ይሰጠው ቢባል ያለው ጊዜ 0.08 ሴኮንድ ብቻ ስለሆነ ከ2.3 ዋት በላይ ይጠይቃል። ኤክስ ኤል ሞተሩም በደቂቃ 220 ዙርና 40 ኒውተን ሴንቲሜትር ይዞ በተመሳሳይ ስሌት ከ2.3 ዋት አያልፍም፤ ያውም በማርሾቹ መካከል በሰበቃ የሚጠፋው ሳይቆጠር ነው። ስለዚህ ከእነዚህ ሞተሮች አንዱም አውሮፕላኑን በቀጥታ ሊወረውር አይችልም። ሞተሩ ኢነርጂውን ቀስ ብሎ ማጠራቀም፣ ሌላ ነገር ደግሞ ባንዴ መልቀቅ አለበት።

ጎማዎችዎ የሚያደርጉት ይህንኑ ማጠራቀም ነው። ሆኖም ጎማው ሙሉ ፍጥነት ላይ እያለ የቆመ ወረቀት ሲነካ መጀመሪያ ይንሸራተትበታል፤ በዚህ መንሸራተት የሚባክነው ኢነርጂ አውሮፕላኑ ከሚያገኘው አያንስም። አውሮፕላኑ 0.19 ጁል ሲያገኝ ጎማዎቹ ቢያንስ 0.38 ጁል ያጣሉ። ቀላል ጎማ ከሆነ ገና አውሮፕላኑ ሳይወጣ ፍጥነቱ ይወድቃል።

አሁን ወደ ሦስቱ ሙከራዎችዎ ልምጣ። በሦስት እጥፉ አደረጃጀት የጎማው ጠርዝ ምንም ሳይጫንበት በሴኮንድ 3.6 ሜትር ገደማ ይሄዳል። ለባዶው ወረቀት ይህ በቂ ነበር፤ ነገር ግን ክንፉ ሳይለወጥ ክብደቱ ሦስት እጥፍ ሲሆን በአየር ላይ ለመቆየት የሚያስፈልገው ፍጥነት በሦስት ስኩዌር ሩት፣ ማለትም በ1.73 ይባዛል። በሴኮንድ 3 ሜትር ላይ ይንሳፈፍ የነበረው አውሮፕላን አሁን 5.2 ሜትር ይፈልጋል። አፍንጫው ላይ የተተከለው ስለዚህ ነው። በ15 እጥፉ ላይ ጎማዎቹ ዘንድ የሚደርሰው የመጠምዘዝ ኃይል 11 ለ15 ተካፍሎ ከ0.75 ኒውተን ሴንቲሜትር በታች ስለሚሆን የዘንጎቹና የማርሾቹ ሰበቃ ብቻውን ይውጠዋል። አምስት እጥፉ ትክክለኛ ምርጫ ነበር፤ በሴኮንድ 5.9 ሜትር ገደማ ይሰጣል፤ በመንሸራተቱ ከዚያ ላይ የተወሰነ ቢቀነስም ለአውሮፕላንዎ ይበቃል።

የማርሾችዎን አቀማመጥ ሳላደንቅ ባልፍ ቅር ይለኛል። የሌጎ ጉብታዎች በ8 ሚሊሜትር ልዩነት የተደረደሩ ሲሆኑ፣ የእነዚህ ማርሾች ስፋትም በሚሊሜትር ሲለካ ከጥርሳቸው ብዛት ጋር እኩል ነው። ባለ 8 ከባለ 24 ጋር ሲገጥም የዘንጎቹ ርቀት 16፣ ባለ 24 ከባለ 24 ጋር 24፣ እንደገና 16፤ ድምሩ 56 ሚሊሜትር ይሆናል። ይህ ልክ ሰባት ጉብታና ልክ የጎማዎችዎ ስፋት ነው። ጎማዎቹ ሳይጨናነቁ ይነካካሉ፤ ስድስት ድርብ ወረቀት በመካከላቸው ሲገባ ግማሽ ሚሊሜትር ያህል ብቻ ይገፋቸዋል። ለወረቀት ከዚህ የተሻለ ክፍተት በጡብ ልኬት አይገኝም።

የሚያሳዝነው ግን ይኸው ክፍተት ዘንግ ላለው አውሮፕላን ጠላት መሆኑ ነው። የካርቦን ዘንጉ በእጥፋቱ ውስጥ ስላለ ጎማዎቹ አንዴ ወረቀት አንዴ ዘንግ እየያዙ አውሮፕላኑን ያጣምሙታል፤ በመጨረሻም ፕሮፔለሩ በመካከላቸው ማለፍ ግድ ይሆንበታል። ጎማዎቹን ለተራው ወረቀት ይተዉአቸው። ስለ ላስቲክ ማስወንጨፊያ ከእኔ በተሻለ የሚያውቁ እዚህ አሉና እነርሱ ይቀጥሉ።


ቃታ ሠሪ፦

ከላይ የተሰጠውን ስሌት ተቀብዬ ልቀጥል። ሞተሩ 0.08 ሴኮንድ ሳይሆን ሁለት ሴኮንድ ቢሰጠው ሥራው እጅግ ቀላል ይሆንለታል። ላስቲክ በሞተር መወጠርና በቃታ መልቀቅ የሚሰጠው ጥቅም ይህ ነው።

እኔ የሠራሁት እንዲህ ነው። ሁለት ረጃጅም የቴክኒክ ዘንጎችን እንደ ባቡር ሀዲድ ትይዩ አድርጌ ዘረጋሁ፤ በመካከላቸው ጉብታ በሌላቸው ለስላሳ ጡቦች ላይ የሚሄድ ትንሽ ተንሸራታች አስቀመጥሁ። የአውሮፕላኑ ክንፎች በሀዲዶቹ ላይ ያርፋሉ፤ ሆዱ በመካከል ተንጠልጥሎ ይወርዳል። ከሀዲዱ ፊተኛ ጫፍ የተነሡ ሁለት ለስላሳ ላስቲኮች ተንሸራታቹን በግራና በቀኝ ይስቡታል። ከኋላ በኩል ሞተሩ ዘንጉ ላይ ክር እየጠቀለለ አንድ ጎታች ወደ ኋላ ይስባል፤ ጎታቹ ተንሸራታቹን በመንጠቆ ይዞ ይሄዳል። መጨረሻው ላይ የመንጠቆው ጭራ ተዳፋት ጡብ ሲነካ መንጠቆው ይነሣና ተንሸራታቹ ይለቀቃል። ሞተሩን ወደ ሌላው አቅጣጫ ሲያዞሩት ክሩ ይላላል፤ አንድ ቀጭን ላስቲክም ጎታቹን ወደ ፊት ይመልሰዋል።

ተንሸራታቹ 10 ግራም ቢመዝን ከ15 ግራሙ አውሮፕላን ጋር 25 ግራም ይሆናል፤ ማለትም ከላስቲኩ ኢነርጂ አርባ በመቶው ተንሸራታቹን ለመግፋት ይውላል። ስለዚህ ከተንሸራታቹ ላይ የምትቀነስ እያንዳንዷ ቁራጭ ዋጋ አላት። እንዲህም ሆኖ የሚያስፈልገው 0.31 ጁል ነው፤ ላስቲኩ በ20 ሴንቲሜትር ሲወጠር ከ3 ኒውተን ትንሽ በላይ መሳብ አለበት፤ ለሰበቃ ጨምረን 4 እንበለው። ክሩ በቀጥታ በሌጎው ዘንግ ላይ ቢጠቀለል የዘንጉ ግማሽ ስፋት 2.4 ሚሊሜትር ስለሆነ ሞተሩ የሚጠየቀው ከ1 ኒውተን ሴንቲሜትር በታች ይሆናል። ያለ ምንም ተጨማሪ ማርሽ ኤም ሞተሩ በሁለት ሴኮንድ ገደማ ይጨርሰዋል።

አሁን ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን ልንገርዎ። አውሮፕላኑን ከጭራው አይግፉት። ከኋላ የሚገፋ ቀላል ነገር ወደ ጎን ለመዞር ይፈልጋል፤ ከክብደቱ ማእከል ትንሽ ፊት ላይ ተይዞ የሚሳብ ግን ራሱን ያቀናል። ስለዚህ በሆድ እጥፋቱ የታችኛው ጠርዝ ላይ፣ ከካርቦን ዘንጉ በታች፣ ትንሽ ሦስት ማእዘን ይቁረጡ፤ የፊት ጠርዙ ቀጥ ያለ፣ የኋላ ጠርዙ ረዘም ብሎ የተዘቀዘቀ ይሁን። ከተንሸራታቹ ላይ የቆመች አንዲት ጣት ወደዚያ ገብታ የፊት ጠርዙን ትገፋለች።

የሀዲዶቹን ርቀት ከፕሮፔለሩ ስፋት አብልጠው ያድርጉት፤ ፕሮፔለሩ የሀዲዱን ርዝመት በሙሉ በመካከል አልፎ ስለሚሄድ ነው። ከዚህ የሚከተል ሌላ ጉዳይ አለ። ተንሸራታቹ ሀዲዱ ጫፍ ላይ ሲቆም አውሮፕላኑ ይቀጥላል፤ ያን ጊዜ ከኋላ የሚመጣው ፕሮፔለር በቆመችው ጣት ላይ ሊያልፍ ነው። ጣቷ እንደ በር ማጠፊያ በምትታጠፍ ቁራጭ ላይ ትቁም፤ ወደ ኋላ እንዳትተኛ ከበስተኋላዋ መደገፊያ ይኑራት፤ ወደ ፊት ግን ነጻ ትሁን። አውሮፕላኑ ወደ ኋላ እየተጫናት እስካለ ድረስ በመደገፊያው ላይ ቀጥ ብላ ትቆማለች፤ ተንሸራታቹ በድንገት ሲገታ በራሷ ግስጋሴ ወደ ፊት ትተኛለች፤ ፕሮፔለሩም ሳይነካት ከላይዋ ያልፋል። ይህችን ማጠፊያ ከማግኘቴ በፊት እኔም ፕሮፔለር ሰብሬአለሁ።

ከፊት ለፊት ሰው በሌለበት ብቻ ይልቀቁ፤ ላስቲኩ ሲበጠስ ወደ ሠሪው ፊት ሊመለስ ስለሚችል ዓይንዎን በመነጽር ይጠብቁ።


የክንፍ ጠርዝ፦

ሁለቱም ምላሾች ስለ መሣሪያው ናቸው። እኔ ደግሞ በጥያቄው ውስጥ በአንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ስለተነገረው ስለ 4 ሚሊሜትሩ እጥፋት ልናገር፤ አውሮፕላኑን ወደ ጣሪያው ያቀናው እርሱ ነውና።

መጀመሪያ ላይ አውሮፕላኑ ለክብደቱ በማይበቃ ፍጥነት ይወጣ ስለነበር አፍንጫው ይወድቅ ነበር። እርስዎ ጉድለቱን በፍጥነት ሳይሆን የክንፉን ጠርዝ በማጠፍ ሞሉት። ክንፍ የሚያነሣው ኃይል ግን ከፍጥነቱ ጋር በስኩዌር ነው የሚያድገው፤ ፍጥነቱ ከ3.5 ወደ 5 ሜትር ከፍ ሲል ያ እጥፋት አፍንጫውን የሚያነሣበት ጉልበት በእጥፍ ይጨምራል። በዝግታ ጊዜ መድኃኒት የነበረው እጥፋት በፍጥነት ጊዜ አውሮፕላኑን ሽቅብ ያቀናዋል፤ ሽቅብ ሲወጣ ፍጥነቱን ይጨርሳል፤ ከዚያ ክንፉ ማንሣት ስለሚያቅተው በጭራው ይወርዳል። ስለዚህ ከልክ በላይ በርትቶ መወንጨፍ የደከመ ውርወራን ያህል ይጎዳል። ከርቀት ለሚመራ አውሮፕላን ማስወንጨፊያው ጥሩ ነው የሚባለው ሩቅ ስለወረወረ አይደለም፤ አውሮፕላኑን በሚበርበት ፍጥነት፣ ቀጥ አድርጎ፣ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት አድርጎ ለአየሩ ሲያስረክብ ነው። የቀረውን የሚሠራው ፕሮፔለሩ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 ሻይ ጎይታይን ኪክስታርተር በተባለው የገንዘብ ማሰባሰቢያ ድረ ገጽ ያስተዋወቀው ፓወርአፕ 3.0 (በስልክ የሚመራ የወረቀት አውሮፕላን ሞጁል) እና መሰሎቹ በእጅ በለሰለሰ ውርወራ እንዲነሡ የታሰቡ ናቸው፤ መሣሪያዎ መምሰል ያለበት ያንን እጅ ነው።

ስለዚህ ማስወንጨፊያውን ከመንካትዎ በፊት እጥፋቱን ወደ 1 ሚሊሜትር ይመልሱት። ሞጁሉ እንደተሰካ ፕሮፔለሩን ሳያስነሡ ከትከሻዎ ከፍታ በእጅ ይልቀቁት፤ ሳይወዛወዝና ሳይተከል ተንሳፍፎ እስኪያርፍ ድረስ ጠርዙን በጥቂት በጥቂቱ ያስተካክሉ። ይህ ሳይሆን በማስወንጨፊያ ላይ የሚጫን አውሮፕላን የማን ጥፋት እንደሆነ ፈጽሞ አይታወቅም።

ፍጥነቱን ለመለካት ስልክዎ በሴኮንድ 240 ምስል የሚያነሣ ከሆነ ከሀዲዱ ጫፍ ጎን ማስመሪያ አስቀምጠው ይቅረጹ። በሴኮንድ 5 ሜትር የሚሄድ አውሮፕላን ከአንዱ ምስል ወደ ቀጣዩ 2 ሴንቲሜትር ከ1 ሚሊሜትር ገደማ ይራመዳል። ሀዲዱን ከአድማስ ከ5 እስከ 10 ዲግሪ ብቻ ያንሡት፤ 45 ዲግሪ የሚሠራው ለድንጋይ እንጂ ለክንፍ አይደለም። አውሮፕላኑን ከመልቀቅዎ በፊት ፕሮፔለሩን በሦስት አራተኛ ጉልበቱ ያሽከርክሩት፤ ከተለቀቀ በኋላ ስልኩን መንካት ይዘገያል።

ሞጁልዎ ጋይሮስኮፕ (መዞርንና መንጋደድን የሚለካ ክፍል) ካለውና ሲበራ ዜሮውን የሚይዝ ከሆነ፣ ሳይነካካ በቆመበት ያብሩት። የመወጠሪያው ሞተር እየሠራ ሀዲዱ ሲንቀጠቀጥ ከበራ የተዛባ ዜሮ ይዞ ይነሣል።


ወረቀት አጣፊ (ጠያቂ)፦

ለሦስታችሁም ከልብ አመሰግናለሁ። የተነገረኝን በሙሉ ሞክሬ ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመልሻለሁ።

በቅድሚያ እጥፋቱን መለስሁት። በእጅ የተደረገው ሙከራ አንድ ሙሉ ከሰዓት ፈጅቶብኛል፤ በመጨረሻ በግራው ክንፍ 1 ሚሊሜትር፣ በቀኙ ከዚያ ትንሽ ያነሰ እጥፋት ላይ ረጋ። ያን ዕለት አውሮፕላኑ ያለ ፕሮፔለር ከትከሻዬ ተነሥቶ ምንጣፉ ላይ በሆዱ ሲተኛ፣ ለሁለት ወር ማርሽ ስቀያይር የቆየሁት ባልታመመው አካል ላይ እንደነበር ገባኝ።

ሀዲዱን 30 ሴንቲሜትር አድርጌ ሠራሁት፤ የሀዲዶቹ ርቀት ሰባት ጉብታ ነው። የመጀመሪያው ሙከራ ከሸፈ፤ ጣቷ ወረቀቱን ቀድዳ አልፋ ተንሸራታቹ ብቻውን ሄደ፣ አውሮፕላኑ እዚያው ቀረ። የሦስት ማእዘኑን የፊት ጠርዝ በሁለቱም ገጽ በፕላስተር ሸፍኜ አጠነከርሁት፤ ከዚያ በኋላ አልተቀደደም። ሁለተኛው ችግር መንጠቆው ሳይለቅቅ ሞተሩ መጎተቱን መቀጠሉ ነበር። ጠጋ ብዬ ስመለከት ላስቲኩ ሲወጠር ጎታቹ በአንድ ጎኑ ይነሣና የመንጠቆው ጭራ ተዳፋቱን ሳይነካ በላዩ ያልፋል። በጎታቹ ላይ ከሀዲዱ ሥር የሚገባ አንድ ከንፈር ስጨምርለት መነሣቱ ቆመ፤ አሁን መንጠቆው ሁልጊዜ በአንድ ቦታ ላይ ጠቅ ብሎ ይለቃል።

ስለምትታጠፈው ጣት የተነገረኝን መጀመሪያ ችላ ብዬ ነበር። ቋሚ ጣት አድርጌ ሞከርሁና ፕሮፔለሩ ጠርዙ ላይ ተጫረ፤ እንደ ዕድል ሆኖ አልተሰበረም። በማግሥቱ ማጠፊያውን ሠራሁ። ቀረጻውን ቀስ አድርጌ ስመለከት ተንሸራታቹ ማቆሚያውን በነካበት ቅጽበት ጣቷ ስትተኛና የፕሮፔለሩ ጥላ በላይዋ ሲያልፍ በግልጽ ይታያል። ደግሜ ደጋግሜ አይቼዋለሁ።

በማስመሪያው ሲለካ በአንድ ምስል 2 ሴንቲሜትር ይራመዳል፤ በሴኮንድ 4.8 ሜትር ማለት ነው። ሀዲዱን 7 ዲግሪ አንሥቼ በሰፊ አዳራሽ ውስጥ 15 ጊዜ አስወንጭፌ 12 ጊዜ በሰላም ተነሥቶ በስልኬ እያዘዝሁ ክቡን ዞሮልኛል። የቀሩት ሦስቱ ግን ከሀዲዱ ሲወጡ ወደ ግራ ተጣመሙ፤ መጣመሙ በተሳኩትም ላይ በመጠኑ አለ። ይህን በአቅጣጫ መቀየሪያው ላካክሰው ወይስ ምንጩን ልፈልግ?


ቃታ ሠሪ፦

ምንጩን ይፈልጉ፤ ሁለት ተጠርጣሪዎች ብቻ ናቸው ያሉት። አንደኛው፣ ሁለቱ ላስቲኮች እኩል አይስቡም ይሆናል። ሁለተኛው፣ ፕሮፔለሩ ወደ አንድ አቅጣጫ ሲዞር የአውሮፕላኑን አካል ወደ ተቃራኒው ያንጋድደዋል፤ ፍጥነቱ ገና ዝቅተኛ ሲሆን ይህ በይበልጥ ይታያል። ለመለየት የግራውን ላስቲክ ወደ ቀኝ፣ የቀኙን ወደ ግራ አዛውረው ያስወንጭፉ። መጣመሙ ወደ ቀኝ ከዞረ ጥፋቱ የላስቲኮቹ ነውና ሁለቱንም ከአንድ ጥቅል በእኩል ርዝመት ቆርጠው ይተኩ። አሁንም ወደ ግራ ከሆነ ፕሮፔለሩ ነው፤ ያን ጊዜ በሚለቁበት ቅጽበት ጉልበቱን ከሦስት አራተኛ ወደ ግማሽ ዝቅ ያድርጉና አንድ ሜትር ያህል ከራቀ በኋላ ይጨምሩለት።

ላስቲኮቹን ተወጥረው አያሳድሩ፤ ይላላሉ፤ ሁለቱም እኩል ስለማይላሉ የዛሬው ማስተካከያ ነገ አይሠራም። የባትሪ ድንጋዮቹ መድከም ግን አያስጨንቅዎ። ጎማዎቹ ላይ ሳሉ ቮልቴጁ ሲወርድ የመውጫው ፍጥነትም አብሮ ይወርድ ነበር፤ አሁን ግን የሚወረውረው ላስቲኩ ስለሆነ ድንጋዮቹ ሲደክሙ የሚዘገየው መወጠሩ ብቻ ነው።


የክንፍ ጠርዝ፦

በላስቲኩ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ከማዛወርዎ በፊት ፕሮፔለሩን አጥፍተው ሦስት ጊዜ ያስወንጭፉት። ያለ ፕሮፔለርም ወደ ግራ ከተጣመመ በሀዲዱ ላይ ያለውን የክንፎቹን አቀማመጥም ይመርምሩ፤ በሁለቱ ክንፎች ላይ ያለው እጥፋት እኩል ስላልሆነ አንዱ ክንፍ ሀዲዱን ከሌላው አስቀድሞ ይለቅ ይሆናል። ሀዲዶቹ ላይ፣ ከጫፉ 5 ሴንቲሜትር ያህል ቀደም ብሎ፣ የክንፎቹን ጠርዝ በቪዲዮው ላይ ምስል በምስል ቢመለከቱ የትኛው ቀድሞ እንደሚነሣ ይታያል።